ደቻቱን ወደ ክፍል ማስገባት

ዛሬ ድሬዳዋ ላይ ከመምህራን ጋር ዋልኩ። ርዕሳችን የአየር ንብረት ለውጥን ክፍል ውስጥ ማስተማር ነበር። የቀኑ ሙቀት ግን፣ አቦ፣ አይወራም!

ገና ከመጀመራችን አንድ የሒሳብ መምህር «መጽሐፉን መጨረስ አቅቶናል፤ ጭራሽ ሌላ ትምህርት ልትጨምሩብን ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ጨምሩ ባይ አይደለሁም። የዝናብ መጠን በግራፍ ሲሠራ ያው ሒሳብ ነው።

ሰዓታችንን የበላው ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነው። በ1998 ክረምት፣ ሌሊት፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አንዲት ወጣት መምህርት «ታዲያ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ያመጣው ልበላቸው?» ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ መቸኮል አልወድም። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ይብስበታል። ግን የተራቆተው ተራራና ወንዙ ዳር የተሠራው ቤትስ? ሐሮማያ ሐይቅም ደርቆ የነበረው በሙቀት ብቻ አይደለም፤ የጫትና የአትክልት መስኖው፣ ደለሉም አለበት። ተማሪው ይህን ካልለየ ሁሉን ነገር በ«ክላይሜት» ማሳበብ ይለምዳል። ባለሥልጣንም እንዲህ ሲያመካኝ ሰምተናል።

ከሰዓት በኋላ በባዶ ሃይላንድ የዝናብ መለኪያ ሠራን። መቀስና ማስመሪያ በቂ ነው። መምህራኑ ከደጋ ትምህርት ቤቶች ጋር የለኩትን የዝናብ መጠን ሊለዋወጡ ተስማምተዋል፤ ቴሌግራም ግሩፑም ተከፍቷል።

የድሮ ደቻቱ ፎቶ ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ በናታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ለክፍል ነው።