ከአዲስ አበባ ወደ ትንሽ ከተማ፦ ኪራዩን ከመጠየቃችሁ በፊት

ትንንሽ ልጆች ይዞ ከአዲስ አበባ ለመውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ነው። አይፈረድበትም፤ የሚያስወጣውም እሱ ነው። ግን ደብረ ብርሃን፣ ቡታጅራ ወይም ባቱ (ዝዋይ) ገብቶ ዓመት ሳይሞላው ዕቃውን መልሶ የሚጭነው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው በኪራይ አይደለም። በውሃ፣ በሌሊት ሕክምና፣ በትምህርት ቋንቋ ወይም በመሸኛ ነው።

ከተማውን በጥምቀት ሰሞን አይታችሁ አትወስኑ። ጥር ላይ የማያምር ከተማ የለም። ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ ነሐሴ ላይ፣ ባጃጅ በጭቃው እስከ በራችሁ መግባቱን ለማየት፣ አንዴ መጋቢት ላይ፣ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ ለማወቅ። ቢያንስ ከሰኞ እስከ ሰኞ እደሩ። ጥያቄያችሁንም ደላላውን ሳይሆን ጥግ ላይ እንጀራ የምትሸጠውን ሴትዮ ጠይቁ። ደላላ «ውሃ አለ» ሲል ቧንቧ አለ ማለቱ ነው።

ውሃውን በወረቀት አስሉት። ሁለት አዋቂና ሁለት ሕፃናት፣ የልጅ ልብስ አጠባ ተጨምሮበት፣ ቆጥበውም በቀን 200 ሊትር ይጨርሳሉ። ፈረቃው በአምስት ቀን አንዴ ከሆነ 1,000 ሊትር ሮቶ የሚበቃ ይመስላል፤ አይበቃም። ፈረቃ ይዘለላል። አንዴ ሲዘለል አሥር ቀን ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው 2,000 ሊትር ነው። ያ በ20 ሊትር ጀሪካን 100 ጀሪካን ማለት ነው፤ የአህያ ጋሪ ጀሪካኑን በስንት እንደሚያመጣ ጠይቃችሁ አባዙት። ሌላው ነገር ግፊት ነው። በብዙ ከተማ ውሃ የሚለቀቀው ሌሊት ነው፣ መስመሩም ደካማ ነው፤ ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ ላይወጣ ይችላል። ያኔ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሮቶና ፓምፕ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ይቆማል። የሞላ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ አከራዩ በቀጭን ብረት አበያይጄ አቆምላችኋለሁ ቢል ልጆች ከሥሩ እንደሚጫወቱ አስቡ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለመኖር ያሰባችሁ ከመጠኑ በላይ ጥራቱ ያሳስባችሁ። ከወንጂ እስከ ሐዋሳ ባለው አካባቢ ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ልጅ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራባቸው ዓመታት፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ከዚህ በላይ ያለውን ሲጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል፤ በቡሩሽም አይለቅም። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ያባብሰዋል። የሰፈሩ ውሃ ተመርምሮ ከሆነ ውጤቱን ከውሃ አገልግሎቱ ጠይቁ። ምርመራው እስኪገኝ ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ የአሥር ዓመት ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸውን ማየት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ልጅን ጥርስ አይታችሁ እንዳትሳሳቱ። ለመጠጥና ለወጥ ለአራት ሰው በቀን 12 ሊትር ያህል ይበቃል፤ እሱን ብቻ ከሌላ ምንጭ ማምጣት ይቻላል፣ ወጪውን ግን ከኪራዩ ጋር ደምሩት።

ወባ ደግሞ በከፍታ ይወሰናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ከሆነ አጎበር ግዴታ ነው፤ ባቱ 1,640 ሜትር አካባቢ ነው። ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ ወባን ስለማያውቀው ሲታመም ይጠናበታል። ትኩሳት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመርመር ነው፤ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» እያሉ ሦስት ቀን መጠበቅ የአዲስ አበባ ልማድ ነው።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። እዚያ የሚያሰጋው ወባ ሳይሆን ከሰል ነው። ማንደጃ ቤት አግብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል፤ ፍሙ ጭስ ስላቆመ የሚመርዘው ጋዝ ቆመ ማለት አይደለም። ለልጅ ክፍል ኮርኒስ ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቤት ፈልጉ። ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ከሆነ ሌሊት ከውስጥ እያላበ ይንጠባጠባል።

መብራትን «አለ ወይስ የለም» ብላችሁ አትጠይቁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ ይህ በ220 ቮልት ነው። ሁሉም እራት በሚያበስልበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ቮልቴጁ 180 ከወረደ ምጣዱ ከኃይሉ ሲሶውን ያጣል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዛችሁ ማታ ለኩት። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ምጣድ መጠቀም መፈቀዱን ከውሉ በፊት አረጋግጡ፤ ግቢ ውስጥ ከሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ካለ ኔትወርኩንም በዚሁ ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ይለካ።

ሕክምና ላይ ቀኑ አያታልላችሁ። ክትባት የትም ጤና ጣቢያ በነፃ ይገኛል፤ ችግር የለውም። ሲወለድ ከሚሰጠው በኋላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው። ካርዱን ብቻ እንዳትጥሉ፤ ቀኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኩፍኝ ጠርሙስ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ትንሽ ጤና ጣቢያ ልጆችን ሰብስቦ በተወሰነ ቀን ነው የሚከፍተው። የሚያስፈራው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ባጃጅ በስንት ሰዓት ይቆማል? ሆስፒታሉ ሌሊት ኦክስጅን አለው? ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሰው ከተማው ውስጥ ያድራል ወይስ ዓርብ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል? ደም አለ? የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በደንቡ የማዋለጃ ቀዶ ሕክምና መስጠት አለበት፤ በተግባር ግን መልሱ «ሪፈር» ከሆነ ሪፈሩ የት እንደሆነና መንገዱ ሌሊት የሚኬድ መሆኑን እወቁ። ነፍሰ ጡር ካለች፣ ወይም አስም ያለበት ልጅ ካለ፣ እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ አልደራደርም። የቀሩት መልሶች ሁሉ ቢያምሩም እዚህ ላይ የወደቀ ከተማ ይቅር። መውጫው አንድ መንገድ ብቻ ከሆነና ያ መንገድ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋ ከሆነም እንደዚያው።

ትምህርት ቤት ላይ የሕንፃው ማማር አያሳስባችሁ። ቋንቋው ነው ጉዳዩ። ደብረ ብርሃንና ቡታጅራ በአማርኛ ይሄዳል። ባቱ ኦሮሚያ ስለሆነ ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የአማርኛ ክፍል የት ትምህርት ቤት፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንዳለ በስም ጠይቃችሁ ድረሱበት። መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ልጅ በጥቂት ወራት ከሠፈር ልጆች ጋር ይለምደዋል፣ እንዲያውም ዕድል ነው። አራተኛ ክፍል የደረሰውን ግን በቋንቋ ምክንያት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ልትጎትቱት ትችላላችሁ። በየትኛውም ክልል ዝውውሩ በክረምት ይሁን፤ የውጤት ካርዱንና መሸኛውን ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሳይበተን ሰኔ ላይ ተቀበሉ።

አሁን ኪራዩ። ለስሌት ያህል ልዩነቱ በወር 6,000 ብር ነው እንበል፤ በዓመት 72,000 ነው። አራት ሰው በወር አንዴ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሐኪም ቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ ቢመላለስና ትኬቱ በሰው ለመሄጃ ብቻ 400 ብር ቢሆን ደርሶ መልሱ 3,200 በወር፣ 38,400 በዓመት ወጣ። ከግማሽ በላይ ሄደ። እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን ይረክሳል። ዳይፐር፣ የጣሳ ወተትና መድኃኒት ግን የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው፣ የትራንስፖርቱ ታክሎባቸው። የእድር መግቢያም አለ፤ አዲስ አባል ለድንኳኑና ለዕቃው ድርሻውን ይከፍላል። ይህን አትዝለሉ፤ ዘመድ በሌለበት ከተማ ለመጀመሪያው ክፉ ቀን የሚደርሰው እድር ነው።

አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ቢጠይቅ አትስጡ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያን ከሁለት ወር አያሳልፍም። የት ከተማ እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ እዚያ መጀመሩን ጠይቁ፤ ባይጀምርም ከሁለት ወር በላይ መክፈል ከተማው ካልተስማማችሁ የመውጫ በራችሁን መቆለፍ ነው።

መሸኛ የመጨረሻው ይሁን። የአዲስ አበባ መታወቂያ አንዴ ከተመለሰ ደግሞ ማውጣት ቀላል አይደለም። በተለይ በ1997 ወይም በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባችሁ ቁጠባ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ነዋሪነታችሁ ሲቀየር ምዝገባው ምን እንደሚሆን ከቤቶች ጽሕፈት ቤት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ የተወለደ ልጅ ካለ ልደቱ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ውጡ፤ በኋላ ለእሱ ብቻ መመላለስ ይመጣል። ፋይዳ አገር አቀፍ ስለሆነ አብሯችሁ ይሄዳል።

ዕቃ ስትጭኑ ከአይሱዙው ባለቤት ጋር የተስማማችሁበት ዋጋ የጫኝና አውራጅን እንደማይጨምር እወቁ። በሚደርስበት ሠፈር ያሉት አውራጆች የራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ ከመኪናው በፊት አንድ ሰው ሄዶ ይነጋገር። ፍሪጁ ቆሞ ይጫን። ከደረሰም በኋላ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ፤ ከዚያም በስታብላይዘር እንጂ በቀጥታ እንዳይሰካ።