ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እህል በረንዳ ላይ አይሠራም

ለአይጥ የሚሆን የአየር ጠመንጃ ስመርጥ ስህተቴ ጉልበት ማብዛት ነበር። ቦታው አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ አካባቢ ያለ የእህል መጋዘን ነው፤ ግድግዳው ከፊሉ ድንጋይ ከፊሉ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከጀርባው የሰው ቤት። ረጅሙ ተኩስ ከ10 ሜትር አያልፍም። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከ20 ጁል (የጥይቱ ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ የሚያወጣ ጠመንጃ ትርፉ ሌላ ሳይሆን ድምፅ፣ ንዝረትና ግድግዳ የነካ ጥይት ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ነው።

ከምርጫው በፊት ግን ፈቃድ። «አየር ነው፣ መጫወቻ ነው» ብሎ መነሳት አያዋጣም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር፣ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ፖሊስ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አይቻልም ከተባላችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ወደ ሞላ ወጥመድ መመለስ ነው። ከተፈቀደም ለግቢው ዘበኛና ለጎረቤት ሰዓቱን ሳትናገሩ አንድም ጥይት አትተኩሱ። በሌሊት ጠመንጃ የያዘ ሰው በመስኮት ያየ ጎረቤት ቆሞ ጁል አይቆጥርም።

አሁን ወደ ዕቃው። ባለ ሞላ ጠመንጃ ውስጥ የተጠራቀመ አየር የለም። ስታቀባብሉት ከፒስተኑ ኋላ ያለው ወፍራም ሞላ ይጨመቃል። ምላጩን ስትስቡ ሞላው ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፣ ፒስተኑም ከፊቱ ያገኘውን አየር ጨምቆ በጠባቧ ቀዳዳ በኩል ጥይቱን ይገፋል። «ያገኘውን አየር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚሞላው ፋብሪካው ጠመንጃውን ሲለካ ከነበረው ባነሰ አየር ነው። ሞላው ያው ነው፣ የሚጨመቀው ግን አንሷል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ሁሉም የሚገምተው ነው፦ ጥይቱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት በታች ይወጣል። ሁለተኛው ገንዘብ የሚያስወጣው ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚያበርደው ትራስ የተጨመቀው አየር ነው፤ ትራሱ ሲሳሳ ፒስተኑ የሲሊንደሩን ግንባር ይመታዋል። ሞላው በጠነከረ ቁጥር ምቱ ይከፋል። የፒስተኑ ጎሚኒ ቶሎ ያልቃል፣ ሞላው ይሰበራል፣ የሰደፉ ብሎኖች ይላላሉ። ከባዱን ጠመንጃ መግዛት እዚህ ከተማ ሁለት ጊዜ መክሰር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጉልበቱን አታገኙትም፣ ምቱን ግን ታገኙታላችሁ። በሞላ ፈንታ የታሸገ ጋዝ ያለባቸውም ከዚህ አያመልጡም፤ ጋዙ ከፍታን ባያውቅም ከፒስተኑ ፊት ያለው አየር ያው ስስ ነው። የሚያመልጡት አስቀድመው በፓምፕ የሚሞሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ ፓምፕ፣ መለኪያና ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ለአንድ መጋዘን አይጥ አልመክርም።

የጉልበት ደረጃዎቹን በሦስት ከፍዬ ነው የማያቸው። የታችኛው የጀርመን ልክ ነው፤ እዚያ ያለ ፈቃድ የሚሸጠው እስከ 7.5 ጁል ሲሆን ብረቱ ላይ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የላቲን «ኤፍ» ፊደል ይቀረጽበታል። የመካከለኛው የእንግሊዝ ልክ ነው፣ 16 ጁል ግድም። ከ20 በላይ ያለው ሦስተኛው ነው፤ ካርቶኑ ላይ «በሴኮንድ 1,200 ጫማ» የሚል በትልቁ የሚታተምበት። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እርሳስ ባልሆነ በጣም ቀላል ጥይት ነው። ተራ የእርሳስ ጥይት ሲጎርስ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ሲገባ እንደገና ይወርዳል።

ለ10 ሜትር የመረጥኩት የታችኛውን ነው፤ እንደ ቫይራውክ ኤች ደብሊው 30 ያለ፣ 2.5 ኪሎ ግድም የሚመዝን፣ አፈሙዙ ታጥፎ የሚቀባበል። የእኔ መለኪያ ጥይቱ አይጧ ጋ ሲደርስ ከ5 ጁል እንዳያንስ ነው፤ ጭንቅላት ላይ እስካረፈ ድረስ ይበቃል። ጭንቅላት ካልሆነ 16 ጁልም አይበቃም፤ አይጧ ቀዳዳዋ ገብታ ትሞታለች፣ ሽታው ሳምንት ይቆያል። የጥይቱ ውፍረት በዚህ ጉልበት 4.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 5.5 የሚባለው 1 ግራም ግድም ስለሚመዝን በ7.5 ጁል ይንቀረፈፋል፤ ርቀቱ በአንድ ሜትር ሲለወጥ የሚያርፍበት ይለወጣል። 5.5 የሚያምረው 16 ጁል ላይ ነው፣ ያም ሰፊ የእርሻ ግቢ ላላቸው።

በካርቶኑ ፈንታ የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። የድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መቅጃ ጫኑ፣ ስልኩን አፈሙዙ አጠገብ አድርጉ፣ በሜትር የተለካ 10 ሜትር ላይ ኮምፔንሳቶ አቁሙ፤ ከኋላው በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይኑር። ተኩሱ። ሞገዱ ላይ ሁለት ጉብታ ይታያል፤ ትልቁ የጠመንጃው፣ ትንሹ የኮምፔንሳቶው ነው። በመካከላቸው 0.090 ሴኮንድ ካለ፣ ድምፁ ከኮምፔንሳቶው ተመልሶ ስልኩ ጋ ለመድረስ የወሰደውን ቀንሱ፤ በሴኮንድ 340 ሜትር ብትሉ 0.029 ነው። የቀረው 0.061 የጥይቱ ጉዞ ነው፤ 10ን ለዚህ ስታካፍሉ በሴኮንድ 164 ሜትር። ጥይቱ ግማሽ ግራም ከሆነ 0.0005 ኪሎ ሲባዛ በ164 ሲባዛ በ164፣ ለ2 ሲካፈል 6.7 ጁል። ይህ የመንገዱ አማካይ ስለሆነ አፈሙዙ ላይ ያለው ትንሽ ይበልጣል። አምስት ጊዜ ለኩ። ከጥይት ጥይት በጣም የሚዘላብድ ከሆነ ጎሚኒው ወይም ዘይቱ ላይ ችግር አለ።

ጥይቱ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ የእርሳስ ይሁን፣ 0.5 ግራም አካባቢ። እስከ 15 ሜትር በደንብ ይሄዳል፤ ወረቀት ላይ የወረቀት መብሻ የቆረጠው የሚመስል ክብ ይተዋል፣ ሥጋ ላይም ጉልበቱን ቶሎ ይጥላል። ሹሉ ጥይት በዚህ ርቀት ምንም አይጨምርም። ክብ የብረት ፍሬ ግን ፈጽሞ አታጉርሱ፤ የአፈሙዙን የውስጥ ጥርስ ይበላል፣ ጠንካራ ነገር ሲነካ ደግሞ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ከማጉረሳችሁ በፊት የጥይቱን ጭራ ተመልከቱ። ስስ ቀሚስ ነው፤ የጥይቱ ቆርቆሮ ከወደቀ ይጣመማል፣ የተጣመመውም አየር ያስወጣና ከዒላማው ጣት ያህል ይስታል።

የማነጣጠሪያ መነጽር የምትገጥሙ ከሆነ ለባለ ሞላ ጠመንጃ የተሠራ ይሁን። ይህ ጠመንጃ መጀመሪያ ወደኋላ ይረግጣል፣ ፒስተኑ ሲቆም ደግሞ ወደፊት ይነጥቃል፤ ተራ መነጽር ወደፊት ያለውን ምት አይችለውም። መነጽሩ ከአፈሙዙ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠና 10 ሜትር ላይ የተስተካከለ ከሆነ፣ 5 ሜትር ላይ ጥይቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ግድም ዝቅ ብሎ ያርፋል። የአይጥ ጭንቅላት ላይ ይህ አንገትና አገጭ ማለት ነው። በቅርብ የሚስት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የመነጽሩ ከፍታ ነው።

አያያዙ ከመደበኛ ጠመንጃ ተቃራኒ ነው። ጥብቅ አታድርጉት፤ የፊት እጅ መዳፍ ተዘርግቶ ያሳርፈው፣ ሰደፉ ትከሻን ብቻ ይንካ፣ ሁልጊዜም አንድ ቦታ ይዛችሁ። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ስለሚጀምር፣ እንቅስቃሴው በየጊዜው አንድ ዓይነት ከሆነ ጥይቶቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ግድግዳ ወይም ጆንያ ላይ አስደግፋችሁ ከተኮሳችሁ ወደ አንድ ወገን ይገፋችኋል። ድንገት መበተን ከጀመረ ከሌላው ሁሉ በፊት ካቻቪቴ አንሡና የሰደፉን ብሎኖች እዩ፤ እዚህ ከፍታ ላይ በየመቶ ጥይቱ ማየት አይበዛም።

ያለ ጥይት ምላጭ መሳብ ክልክል ነው፤ ትራሱ ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው። የሞተር ዘይትም ሆነ ዝገት ማላቀቂያ በአፈሙዝ በኩል አታፍስሱ። አየሩ ሲጨመቅ ስለሚግል ዘይቱ ይቀጣጠላል፤ ጭስ፣ የተቃጠለ ሽታና ከተለመደው የሚበልጥ ጩኸት ከሰማችሁ ጎሚኒው እየተቃጠለ ነው። አዲስ ጠመንጃ ከፋብሪካው ግራሶ የተነሣ ለጥቂት ጥይት ቢጨስ ግን አትደንግጡ።

መጋዘኑ ውስጥ ውጤቱን የወሰነው ከጠመንጃው ይልቅ የማባበያው ቦታ ነው። ከግድግዳ አጠገብ፣ አይጦቹ የሚመላለሱበት የቆሸሸ መስመር ላይ፣ ከመተኮሻው 8 ሜትር ለክታችሁ አንድ ጣውላ አስቀምጡ፤ ከኋላው በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ከጣውላው በሁሉም አቅጣጫ ሰፋ ብሎ ይደርደር። እህል አታፍስሱ፤ አፏን ሞልታ ትሮጣለች። የለውዝ ቅቤ ጣውላው ላይ በስሱ ቀቡ፣ ለመላስ ትቆማለች። አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ ሦስት አራት ሌሊት ሳይተኮስ ትብላ። ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት፣ ቀይ ብርሃን ብዙም አይታያትም። ከጎን ከሆነች በዓይንና በጆሮ መካከል፤ ጀርባዋን ከሰጠች በሁለቱ ጆሮ መሃል። እየሄደች ከሆነ አትተኩሱ። አሸዋው ካልደረሰበት ቦታ ጎን ብትቆምም አትተኩሱ፤ ስስ ቆርቆሮ ሊበሳ ይችላል፣ ብሎኬት ደግሞ በሰያፍ የመጣ ጥይት ያነጥራል።

እርሳስ መርዝ ነው፤ እህል የተከፈተበት አቅጣጫ ተኩስ የለም፣ ጆንያው ሁሉ ይሸፈን፣ አሸዋውም ወለል ላይ እንዳይፈስ ከሥር ሸራ ይነጠፍ። የሞተችውን በባዶ እጅ አታንሡ፤ ስትሞት ቁንጫዋ ሌላ ገላ ፍለጋ ይወጣል። ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ያዙ፣ ገልብጣችሁ ቋጥሩ፣ ለድመት አትስጡ። ከአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ተኩስ በኋላ የቀሩት ይጠነቀቃሉ፤ ያኔ ጠመንጃውን አስቀምጡና የጣት ውፍረት ያላቸውን ቀዳዳዎች በድስት ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ድፈኑ። የገባችበት ካልተደፈነ በሦስት ሳምንት እርግዝና የምትወልድ እንስሳ ጥይት አይቀድማትም።