አዴባዮርን በዛ ሩጫ ብቻ አታስታውሱት

የቶጎው አጥቂ አዴባዮር ሲባል የአርሴናል ደጋፊ ጭንቅላት ውስጥ መጀመሪያ የምትመጣው ያቺ ሩጫ ናት። አርሴናልን ለቆ ማንቸስተር ሲቲ ገብቶ ነበር፣ ሴፕቴምበር 12 2009 ለሲቲ አርሴናል ላይ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረና ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ እኛ ደጋፊዎች ፊት በጉልበቱ ተንሸራቶ እጁን ዘረጋ፣ ሲቲ 4 ለ 2 አሸነፈ፣ በዛው ጨዋታ ደሞ የኛውን ቫን ፔርሲን ፊቱን ረግጦት ሦስት ጨዋታ ታግዷል። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፣ ያን ቀን ጨዋታው ሳያልቅ ነው ቴሌቪዥኑን የዘጋሁት። ከዛ በኋላ ለወራት ስሙ ሲነሳ እንኳን ደሜ ይፈላ ነበር።

አራት ወር ሳይሞላ ጃንዋሪ 8 2010 መጣ። የቶጎ ብሄራዊ ቡድን አንጎላ ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከኮንጎ ብራዛቪል በኩል በአውቶቡስ ወደ ካቢንዳ ሲገባ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱበት። ካቢንዳ ከአንጎላ ዋናው መሬት ተነጥላ ያለች ግዛት ናት፣ መገንጠል የሚፈልጉ ታጣቂዎች ነበሩባት፣ ጥቃቱንም እነሱ ናቸው ያደረሱት። ተጫዋቾቹ ወንበር ስር ተኝተው ነው ተኩሱ እስኪቆም የጠበቁት። ምክትል አሰልጣኙ አባሎ አመሌቴና የቡድኑ የሚዲያ ኃላፊ ስታኒስላስ ኦክሎ ሞቱ፣ ግብ ጠባቂው ኮጆቪ ኦቢላሌ በጥይት ተመቶ ነፍሱ ብትተርፍም ኳስ መጫወቱ እዛው አበቃ። አዴባዮር የዛ ቡድን አምበል ነበር። ካቢንዳ ውስጥ እያለቀሰ ሰው ደግፎት ሲሄድ ያየሁትን ምስል እስካሁን አልረሳሁትም፣ ያ ሁሉ ንዴቴ በአንዴ የት እንደገባ እንጃ ብቻ ጠፋ።

ቶጎ ከውድድሩ ወጥታ አገሯ ተመለሰች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካፍ ደሞ መንግስት ጣልቃ ገብቶ ነው ያስወጣው ብሎ ቶጎን ከቀጣዮቹ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች አገዳት! ሬሳ ተሸክሞ የተመለሰን ቡድን። እገዳው ከወራት በኋላ ተነሳ ግን መጀመሪያውኑ መወሰኑ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። አዴባዮር ኤፕሪል 2010 ከብሄራዊ ቡድን በቃኝ አለ፣ ማንም አልፈረደበትም።

እስኪ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጁ በ1984 ሎሜ ነው የተወለደው፣ ገና በአስራዎቹ እድሜ ፈረንሳይ ሜትዝ ገባ፣ ከዛ በ2003 ሞናኮ፣ ሞናኮ በ2004 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በፖርቶ 3 ለ 0 ሲሸነፍ የዛ ስብስብ አካል ነበር። በመሀል ደሞ ቶጎን ለ2006 የአለም ዋንጫ ይዟት ሄደ፣ ይዟት ሄደ ስል እያጋነንኩ አይደለም፣ በማጣሪያው 11 ጎል አግብቶ ከአፍሪካ አንደኛ ነበር፣ በ2002 ሩብ ፍጻሜ የደረሰችው ሴኔጋል እኮ በዛ ምድብ ነው የቀረችው። ጀርመን ላይ ሦስቱንም ተሸነፉ፣ ያው የጉርሻ ክፍያ ጭቅጭቁም ነበረ፣ ቢሆንም ቶጎ የአለም ዋንጫን ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

አርሴናል በጃንዋሪ 2006 አመጣው። በ2007/08 በሊጉ ብቻ 24 ጎል! ደርቢ ካውንቲ ላይ በሜዳችንም በሜዳቸውም ሃትሪክ ሰርቷል፣ ተቀናቃኛችንን ስፐርስን (ቶተንሃምን) በሜዳቸው ዋይት ሃርት ሌን ላይ ከሳጥን ውጪ ኳሷ መሬት ሳትነካ የመታት ጎልማ አሁንም ከፍቼ አያታለሁ። በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ዋልኮት ሜዳውን ሙሉ ሰንጥቆ አቀበለውና 2 ለ 2 ሲያደርገው ግማሽ ፍጻሜ ገባን ብዬ ጮኬ ነበር (4 ለ 2 ነው ያለቀው፣ አላወራውም)። የ2008 የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ ከቶጎ ይህን ሽልማት ያገኘ ሌላ ሰው የለም። በቀጣዩ አመት ቪያሪያል ላይ በመቀስ ምት ያስቆጠራትን የረሳ የአርሴናል ደጋፊ ካለ ይንገረኝ።

ከዛ በኋላ መዞር ሆነ ስራው። ሲቲ፣ በ2011 በውሰት ሪያል ማድሪድ ሞሪንሆ ጋር፣ እዛም ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ስፐርስ ላይ ሁለት ጎል አገባ፣ በዛው አመት ክረምት ደሞ ያው ስፐርስ በውሰት ወሰደው፣ 17 የሊግ ጎል ሲያገባላቸው ገዙት። ኖቬምበር 2012 ከስፐርስ ጋር ሜዳችን ኤምሬትስ መጥቶ በ10ኛው ደቂቃ አገባብን በ18ኛው በቀይ ካርድ ወጣ፣ እኛ 5 ለ 2 አሸነፍን። አዴባዮር ማለት እንደዚህ ነው፣ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ያሳይሀል። የስፐርስ አሰልጣኝ ቪያስ ቦአስ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ሼርዉድ ሲመጣ መልሶ አሰለፈው፣ ወዲያው ጎል ማግባት ጀመረ። በ2016 ክሪስታል ፓላስ። በፕሪሚየር ሊግ በአራት ክለብ 97 ጎል፣ ለመቶ ሦስት ሲቀረው ቆመ።

ብዙ ሰው ይሄን ዝርዝር አይቶ ለማንም ታማኝ አልነበረም ይላል። እኔ ግን ይሄን ሰው በክለብ መመዘን ልክ አይመስለኝም። ክለብ ይገዛሀል ይሸጥሀል፣ አሰልጣኝ ሲቀየር ወንበር ላይ ያስቀምጥሀል። ቶጎ ጋር ግን ባልደረቦቹን ካጣበት አውቶቡስ ወርዶ በቃኝ ብሎ፣ በ2011 ተመለሰ። ማን ያስገድደዋል? ደሞዙ እንግሊዝ ነው ያለው። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ወደተደረገው የአፍሪካ ዋንጫም መጀመሪያ አልሄድም ብሎ ነበር፣ ሄደ፣ አልጄሪያ ላይ አገባ፣ ቶጎ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገባች። አሸዋ የመሰለው የኔልስፕሩት ሜዳ ላይ በጭማሪ ሰአት ፒትሮይፓ አግብቶ ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 አስወጣቻቸው። ያቺው ቡርኪና እኛን ኢትዮጵያን ከ31 አመት በኋላ በተመለስንበት ውድድር እዛው ሜዳ ላይ 4 ለ 0 ያሸነፈችን ናት፣ ስለዚህ ያን ቀን ለቶጎ ከልቤ ነው የደገፍኩት።

ቀሪውን ባጭሩ ልበለው፣ ቱርክ ሄዶ ለባሻክሸሂር በኖቬምበር 2017 ጋላታሳራይ ላይ ሃትሪክ ሰርቷል 5 ለ 1፣ ከዛ ካይሴሪስፖር፣ በ2020 ደሞ ፓራጓይ ድረስ ሄዶ ኦሊምፒያ ገባ፣ የሲቲ ጓደኛው ሮኬ ሳንታ ክሩዝ ያለበት ክለብ፣ ኮቪድ መጣና ብዙም ሳይጫወት ወጣ። በ2023 ጫማ ሰቀለ። ለቶጎ 32 ጎል፣ ከእሱ በላይ ያገባ የለም።

እኔ ግን ስለሱ ሳስብ የሚመጣብኝ ጃንዋሪ 2017 ነው። ፓላስ ለቆታል፣ ስድስት ወር ሙሉ ክለብ የለውም፣ በሳምንት የሚጫወተው ጨዋታ የለውም፣ 33 አመት ሊሞላው ነው። የቶጎ አሰልጣኝ ክሎድ ለ ሯ ግን ጋቦን ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ጠራው። ከአይቮሪኮስት ጋር ያደረጉት የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ቡድኖቹ ሲወጡ ከቶጎ በኩል ፊት ሆኖ የሚመራው እሱ ነበር፣ ክለብ የሌለው አዴባዮር፣ የአምበሉ ጨርቅ ክንዱ ላይ። 0 ለ 0 ወጡ።