የራዲያተር ፈሳሽን በቤት ስለ መቀየር

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን በመሻገር ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚሆነውን አቀበት በከባድ ማርሽ ሲገፋ ሞተሩ እጅግ ስለሚሞቅ፣ የራዲያተሩ ፈሳሽ ይዞታ በጎጃም ለምንነዳ ሁሉ ዋና ጉዳይ ነው። ብዙዎች የጎደለውን በቧንቧ ውኃ ይሞላሉ፤ እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ተራ ውኃ በደብረ ማርቆስ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ከመሆኑም በላይ፣ በውስጡ ያለው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል።

የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው። አሮጌው ፈሳሽ ከታች ባለው ማፍሰሻ በሳፋ ከወረደና ውስጡ በተጣራ (ማዕድን በሌለው) ውኃ ከታጠበ በኋላ፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዘው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ተደባልቆ ይሞላል፤ ቀለሙ መመሳሰሉ ብቻውን ዓይነቱ አንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ትልቁ ጥንቃቄ አየርን ማስወጣት ነው። በብዙ መኪኖች፣ ክዳኑ በቀዝቃዛው እንደተከፈተ፣ የውስጥ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) እስኪከፈትና አረፋው እስኪያቆም ድረስ እየጎደለ የሚሄደውን በቀስታ መሙላት ያስፈልጋል፤ የታመቀ አየር ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለቃጠሎ ይዳርጋልና። በማግስቱም ሞተሩ ሳይነሣ ልኩ ዳግመኛ ይታያል።

አሮጌው ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ፣ ውሻም ሆነ ከብት እንዳይልሰው፣ ልጆችም እንዳይነኩት በጀሪካን ታሽጎና ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ እንጂ በግቢም ሆነ በቦይ አይደፋ።