የባንግላዴሽን ሸሚዝ ተከትዬ የጻፍኩት መመረቂያ

ስለ እስያ ዕድገት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «ገበያ ነው ያሳደጋቸው» ይላል፣ ሌላው «መንግሥት ነው»። ለማስተርስ መመረቂያዬ እዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አላሰኘኝም። አንድ ዕቃ መረጥኩ፦ ባንግላዴሽ የተሰፋ ሸሚዝ። ጨርቁ ከየት መጣ? ማን፣ መቼ ከፈለ? የትኛው ቢሮ ማህተም መታ? ይህንን በትልቅ ወረቀት ላይ በመስመር መሳል ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መስመር ኮሪያ ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረ ስምምነት ሀብታም አገሮች ከውጭ የሚያስገቡትን ልብስ በኮታ እንዲገድቡ ፈቅዶ ነበር። የኮሪያው ኩባንያ ዴዉ ኮታው ሲጠበው ኮታ ያልተጣለበት አገር ፈለገና ዴሽ ጋርመንትስ ከሚባል የባንግላዴሽ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ዴሽም በ1979 130 ሠራተኞች ወደ ኮሪያዋ ከተማ ቡሳን ልኮ ለወራት አሠለጠነ። በኋላ አብዛኞቹ ለቀው ሙያውን ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ይዘው ሄዱ። ለዴሽ ኪሳራ፣ ለአገሪቱ ግን ሲሳይ!

በጣም የቆየሁት ገንዘቡ ላይ ነው። ባንግላዴሽ ለዚህ ሥራ የሚሆን በቂ ጨርቅ አልነበራትም፤ ዶላርም አጥሯት ነበር። ጨርቅ ለማስገባት ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ እንደሚከፍል ዋስትና የሚሰጥበት ሰነድ) መክፈት ያስፈልጋል፣ ለኤልሲ ደግሞ ዶላር። (ለእኛ አገር አስመጪ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።) የተገኘው መላ እንዲህ ነው፦ ፋብሪካው ከውጭ ገዢው የመጣለትን ኤልሲ ባንክ ያስይዛል፣ ባንኩ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ለጨርቁ ሌላ ኤልሲ ይከፍታል። ጨርቅ ሻጩ ሂሳቡን የሚያገኘው በሸሚዙ ሽያጭ ዶላር ነው። ጨርቁም ቀረጥ ሳይከፈልበት ጉምሩክ የሚቆጣጠረው ቦንድድ መጋዘን ይገባል፣ ተሰፍቶ ይወጣል። ሁለቱ አሠራሮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተስፋፉ፤ ብዙ ካፒታል የሌለው ሰው ፋብሪካ መክፈት የቻለው በእነሱ ነው።

ለተመሳሳይ ጥናት ለሚነሳ ሰው የምመክረው ይኸው ነው፦ «መንግሥት ጣልቃ ገባ ወይስ አልገባም?» ከማለት ይልቅ «ገንዘቡ የት ላይ ቆመ? ማን አሳለፈው?» ብሎ መጠየቅ። የአምስት ዓመት ዕቅዶች ለማንበብ ያምራሉ። ሥራው ያለው ግን አሰልቺ በሆኑት የባንክና የጉምሩክ መመሪያዎች ውስጥ ነው።

ሥዕሌ ላይ ግን ጨርቁን የሚከታተል ቢሮ ሞልቶ፣ ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበትን ሕንፃ በቅጡ የሚቆጣጠር አጣሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ዳካ አቅራቢያ ሳቫር ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ ነው የውጭ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት አስገዳጅ የደኅንነት ስምምነት ፈርመው መሐንዲሶች ፋብሪካ በፋብሪካ መፈተሽ የጀመሩት። በኮታና በቀረጥ ልዘጋው ያሰብኩት የመጨረሻ ምዕራፍ በዚህ ምክንያት ስለ ሕንፃ ቁጥጥር ሆነ።