ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው

ወደማላውቀው ከተማ ለመሄድ ሳስብ ከሆቴልም በፊት አስጎብኚ መፈለግ እጀምራለሁ። ዛሬም ስፈልግ አመሸሁ።

ትልልቆቹን ሐውልቶችና አደባባዮች ለማየት ማንም አያስፈልገኝም። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ እደርስባቸዋለሁ። ሰው የምፈልገው ከዋናው መንገድ ጀርባ ላለው ሰፈር ነው።

ችግሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አስጎብኚ አምስት ኮከብ ነው። ሁሉም “የተደበቀውን ከተማ” ነው የሚያሳየው። ያ ሁሉ ሰው የጎበኘው ቦታ ምኑ ነው የተደበቀው? ስለዚህ ኮከቡን ትቼ የቅሬታ አስተያየቶችን አነባለሁ። “ከመንገደኛ ጋር ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ፣ ከፕሮግራሙ ግማሹን አላየንም” ብሎ የተማረረ ሰው ካገኘሁ፣ እኔ የምፈልገው አስጎብኚ ያ ነው።

ከዚያ እጽፍለታለሁ። ምን እንደሚያሳየኝ ብጠይቅ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው የሚልክልኝ። ይልቅ የት ሰፈር እንደሚኖርና የእረፍት ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ ሱቅ እንገባ እንደሆነም በግልጽ እጠይቃለሁ፤ ኮሚሽን የሚያገኝበት ሱቅ ካለ ጉብኝቱ ወደዚያው ማዘንበሉ አይቀርም። ጎበዙ ደግሞ መልሶ ይጠይቀኛል። ምን ያህል መራመድ እችላለሁ? ደስ የሚለኝ ሕንጻ ማየት ነው ወይስ ከሰው ጋር መጨዋወት?

በነጻ የሚያስጎበኙም አሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ “ቢግ አፕል ግሪተር” በሚል ስም የተጀመረ ነገር ነው። ነዋሪዎች በበጎ ፈቃድ እንግዳ ይቀበሉና የሚወዱትን ሰፈር ያሳያሉ። አሁን በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ማኅበራት አሉ። የሚወስዱት ጥቂት ሰው ነው፣ ቲፕም አይቀበሉም። ቀደም ብሎ መመዝገብ ግን የግድ ነው። “ፍሪ ቱር” የሚባለው ሌላ ነው። እዚያ አስጎብኚው የሚተዳደረው በቲፕ ስለሆነ ብዙ ሰው መሰብሰብ አለበት። ያን ሁሉ ሰው አስከትሎ ደግሞ ጠባብ ቅያስ ውስጥ መግባት አይሆንለትም።

የፈቃድ ነገርም አለ። ፈረንሳይ ውስጥ በሙዚየሞችና በታሪካዊ ሕንጻዎች ጎብኚ ለመምራት የሙያ ካርድ ይጠየቃል። ኒውዮርክም ፈቃድ የሚሰጠው ፈትኖ ነው። ስለዚህ የአገሩን ሕግ አስቀድሜ አያለሁ። ሙዚየም ካሰብኩ ባለካርዱን እይዛለሁ። ለሰፈር ዙረት ግን ካርዱ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም፤ ፈተና ያለፈ ሁሉ ሰፈሩን ያውቃል ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ የሰፈሩ ሰው ነው። የሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ የሚያብራራ አስጎብኚ ያሳፍረኛል። እዚያ ያሉት እኮ ልብስ እያሰጡ፣ ልጅ እየጠሩ፣ ኑሯቸውን እየኖሩ ነው። ሰላምታ እየሰጠ የሚያልፍ፣ “እዚህ ካሜራ አይወጣም” ለማለት የማይፈራ ሰው ነው የምፈልገው። ይሄን ከመልእክት ማወቅ ይከብዳል። ቢሆንም ስለ ሰፈሩ ሰዎች ሲጽፍ “እነሱ” ይላል ወይስ “ጎረቤቶቼ”? ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል።

ዛሬ ከጻፍኩላቸው አንዷ ቶሎ መለሰችልኝ። ስለምታሳየኝ ነገር አንድም ሳትል ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምነሳ ጠየቀችኝ። ለሁለት ሰዓት ጉብኝት ብቻ ተቀጣጠርን። ከተግባባን እንቀጥላለን፣ ካልሆነም የቀረውን ቀን ለብቻዬ እዞራለሁ።