ከቀበሪቾ ሥር የወጣው ፕላስቲክ

ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ከተክል ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። የሞለኪውሉን ቅርጽ ሮበርት ሮቢንሰን የፈታው ግን በ1946 ነው። በመካከሉ ስንቱ ኬሚስት ዕድሜውን ጨርሶበታል! ዛሬ ጥቂት ሚሊግራም ናሙና በቀጭን የመስታወት ቱቦ ጨምረን ኤን ኤም አር በሚባለው፣ በማግኔት ኃይል የሞለኪውልን ቅርጽ በሚያሳየው መሣሪያ ውስጥ ብናስገባ፣ ያን የመሰለው ድካም በቀናት ሊያልቅ ይችላል። እኔም በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የቆየሁት በዚህ ተማርኬ ነው። ነገር ግን በሚሊግራም መሥራት ሲጀመር ቆሻሻውም ከናሙናው እኩል ጎልቶ ይታያል። መሣሪያው ቱቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሳያል እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ በቀበሪቾ ሥር ላይ ትሠራ ነበር። ቀበሪቾ በየገበያው የሚሸጥ፣ በየቤቱ የሚታጠን የአገራችን መድኃኒት ነው። የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑ ተክሎች ቲዮፊን የሚባሉ ሰልፈር ያለባቸው ውህዶች እንዳሏቸው ስለሚታወቅ፣ የምንፈልገው እነዚያን ነበር። ሥሩን ፈጭታ ሄክሴን በሚባል በቀላሉ በሚተን ፈሳሽ ዘፈዘፈችው፤ ከዚያም ውህዶችን በሚለያየው ደቃቅ ዱቄት፣ በሲሊካ ጄል፣ እየለያየች ቀለም የሌለው ዘይት መሰል ነገር አገኘች። መሣሪያችን ስለተበላሸ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ወራት ጠበቅን።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ዶክተር፣ በቀበሪቾ ላይ እስካሁን ማንም አልጻፈውም!»

ስፔክትረሙን፣ ማለትም ኤን ኤም አሩ የሣለውን የምልክቶች ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በመለኪያው መስመር በ7.71 እና በ7.53 ላይ ሁለት ተመሳሳይ ፒኮች (ሹል ምልክቶች) ፊት ለፊት ቆመዋል። በ4.2 አካባቢ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ካርቦን ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖች አሉ፤ ከ0.9 እስከ 1.7 ደግሞ የተጨናነቀ ረጅም ሰንሰለት። የካርቦኑ ስፔክትረም 12 መስመር ብቻ ነው ያለው፤ የሞለኪውሉ ክብደት ግን 390። ስለዚህ ሞለኪውሉ 24 ካርቦን ያለው፣ ግማሹ ከግማሹ ጋር አንድ የሆነ ነው። የሞለኪውሉን ስብርባሪዎች በክብደታቸው በሚያሳየው ማስ ስፔክትረም ላይ ከሁሉም ረዝሞ የቆመው 149 ነው። ይህን ቁጥር ያየ ኬሚስት ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ፍታሌት የሚባሉት የፕላስቲክ ማለስለሻዎች ሲሰባበሩ የሚተዉት ምልክት ነውና። ሰልፈር የሚባል ነገር የለበትም።

ወዲያው ልነግራት እችል ነበር። ግን እኔ ስለነገርኳት ብቻ ብትቀበል፣ ነገም የሚነግራትን ሰው ትጠብቃለች። ስለዚህ «ሥሩን ተዪው፤ ያንኑ ያህል ሄክሴን ብቻውን በሲሊካ ጄሉ አሳልፊና ተንኖ ሲያልቅ የቀረውን አሳዪኝ» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። «ምንም ሳይጨመርበት ምን ሊቀር ነው?» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ብልቃጡን ይዛ መጣች። ወደ መስኮቱ አንስታ ስታዘነብለው፣ ከታች ስስ ዘይት ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ውህዶችን በሚለያየው የክሮማቶግራፊ ሰሌዳ ላይ ከ«አዲሱ ውህድ» ጎን ስታስቀምጠው ሁለቱ ነጥቦች አንድ ከፍታ ላይ ቆሙ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ እኔን ሳይሆን ቴክኒሻናችንን ፈልጋ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይህን ሄክሴን በምን ነው የምትቀዱት?»

«በዚህች የፕላስቲክ ቱቦ ነው ልጄ። ስትገዛ እንደ ልብ ትተጣጠፍ ነበር፤ አሁን እንደ እንጨት ደርቃለች» አሏት።

ቱቦዋ የደረቀችው ማለስለሻዋን ሄክሴኑ ስላጠበው ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የማይታየው፣ ብዙ ሊትር ተንኖ ጠብታ ሲቀር ናሙና መስሎ ይወጣል። ፍታሌትን ከተክል አገኘን የሚሉ የታተሙ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም። ያለ ናሙና የተሠራ ማነጻጸሪያ ሳያቀርብ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ለግምገማ ሲመጣልኝ አላልፈውም፤ ደራሲው ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን።

ቱቦዋ ተጣለች። ሄክሴኑን በመስታወት ዕቃ እንደገና ማጣራት ጀመርን። ተማሪዬም ቀድማ ወደ ጎን ወዳደረገቻቸው ብልቃጦች ተመለሰች። አንዱ ቢጫ ነበር፤ 366 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲቀመጥ ቦግ ብሎ አበራ። ቲዮፊን ነው፤ በሌሎች ተክሎች አስቀድሞ የታወቀ፣ አዲስ ያልሆነ። የባዶውን ሄክሴን ስፔክትረም ግን በመመረቂያ ጽሑፏ የመጀመሪያ ሥዕል አድርጋ አስገባችው። የውጭ ፈታኙ ገጹን ገልጠው «ይህ የየትኛው ውህድ ነው?» ሲሏት፣ «የላብራቶሪያችን ነው፤ የሚቀጥሉትን ገጾች ከዚህ ጋር እያስተያዩ እንዲያነቡልኝ ነው» አለቻቸው።